ካርዱ ቢያረጅም ድራይቨሩ አላረጀም

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ ወይም ፖሊ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ይህ መስፈርት ስንቱን ዕቃ እንደጣለው ወዲያው ይገባዋል። ተማሪ የሚገዛው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አይደለም። ውጭ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተጠቅሞ ያስወገደው፣ በነጋዴ እጅ ዞሮ ጣና ዳር የደረሰ ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው፤ አራተኛ፣ ቢበዛ ስድስተኛ ትውልድ። ልጁ በዚያው ማሽን አሳይመንት ይሠራል፣ ፊልም ያያል፣ ማታ ማታ ደግሞ ጌም ይጫወታል።

ጌም ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ የሚያልፍ አዋቂ ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ አላይም። ከኮምፒውተር ሥራዎች ሁሉ የግራፊክስ ክፍሉን እንደ ጌም የሚያስጨንቀው ጥቂት ነው፤ ጌሙ ለምን እንደሚንቀረፈፍ መርምሮ የደረሰበት ልጅ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ስለሆነው ከርነል፣ ስለ ሜሞሪ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ በገዛ እጁ ያውቃል። ጥያቄውም ከጌም ይሰፋል። ያገለገለ ዕቃ ለስንት ዓመት እንደሚኖር የሚወስነው ማን ነው? የሠራው ኩባንያ ነው ወይስ በእጁ የያዘው ሰው? ከዊንዶውስ ሌላ ነፃ አማራጭ የሆነው የሊኑክስ ግራፊክስ ድራይቨር የሠላሳ ዓመት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ላይ የተደረገ ረጅም ትግል ነው።

ባሕር ዳር ከጌም ጋር የተዋወቀችው በኮምፒውተር አይደለም። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች መጀመሪያ ሴጋ ነበር፤ ቀጥሎ ፕሌይስቴሽን መጣ። በየሰፈሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ይደረደራል፣ ሒሳቡ በጨዋታ ይከፈላል፣ ተረኛው ከኋላ ቆሞ ስንት ደቂቃ እንደቀረ እየቆጠረ ይቁነጠነጣል። በብዛት የሚከፈተው ኳስ ነው፤ ፔስ ወይም ፊፋ። በእነዚያ ቤቶች ድራይቨር የሚባል ነገር አይነሣም። ሶኒ ቺፑንም፣ ስክሪኑ ላይ የሚሥለውንም ሶፍትዌር ራሱ ስለሚቆጣጠር ዲስኩ ገብቶ ካልሠራ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። ኮምፒውተር ግን የአንድ ኩባንያ ሥራ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ከአንዱ፣ ግራፊክሱ ከሌላው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሦስተኛው፣ ጌሙ ከአራተኛው ይመጣል፤ እነዚህን የሚያግባባው ድራይቨሩ ነው። ጌሙ ይህን ሦስት ማዕዘን በዚህ ቀለም ሣልልኝ ሲል ድራይቨሩ ትእዛዙን ያ ቺፕ ብቻ ወደሚያውቀው ቋንቋ ይመልሰዋል። እሱ ከሌለ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያወጣ ይህ ጉዳይ ገና ራስ ምታት አልሆነም ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኢድ ሶፍትዌሩ ዴቭ ቴይለር በ1994 ዱምን ወደ ሊኑክስ ሲያሻግር፣ ጌሙ እያንዳንዷን ነጥብ በፕሮሰሰር አስልቶ ይሥል ስለነበር ከካርዱ የሚፈልገው ውጤቱን እንዲያሳይለት ብቻ ነበር። ትልቁ ሥራ የተጀመረው በሌላ ቦታ ነው። በ1993 ብራያን ፖል የተባለ ፕሮግራመር፣ ሲሊከን ግራፊክስ ለውድ ማሽኖቹ ያዘጋጀውን የኦፕንጂኤል የሥዕል ቋንቋ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ በትርፍ ጊዜው መጻፍ ጀመረ። ሥራውን ሜሳ ብሎ በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ጌም የሚያጫውቱት በሜሳ ውስጥ ባለ ኮድ ነው። አንድ ሰው ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የጀመረው ነገር እዚህ መድረሱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ካርዶች ራሳቸው ሦስት አውታር ሥዕል መሣል ሲጀምሩ ግን በሩ ተዘጋ። ቺፑ በምን ትእዛዝ እንደሚሠራ የሚገልጸው ሰነድ የኩባንያ ምስጢር ሆነ። ሰነድ ላገኙት ሥራው ቀለለ፤ ለማትሮክስ ካርዶች ነፃ ድራይቨር ሲጻፍ ከዱም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ካርማክ ራሱ ኮድ አዋጥቷል። የካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ሌላ መንገድ መረጠ። በ2000 ለሊኑክስ ፈጣን ድራይቨር አወጣ፤ ውስጡ ግን ዝግ ነበር። መጫን ይቻላል፣ ማንበብና ማረም አይቻልም። ያን ጊዜ ብዙ ተጫዋች በደስታ ተቀበለው፤ ፍጥነቱ እውነት ነበርና። ዋጋው የሚጠየቀው ካርዱ ሲያረጅ መሆኑን ለማየት ዓመታት ወስዷል።

በዚያው ዘመን ስኮት ድሬከር በ1998 ያቋቋመው ሎኪ ሶፍትዌር የዊንዶውስ ጌሞችን ፈቃድ እየገዛ ለሊኑክስ ያዘጋጅ ነበር። በ1999 ሲቪላይዜሽን ኮል ቱ ፓወርን አወጣ፣ ሌሎችንም አስከተለ፣ ገበያው አልበቃውም፤ በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። ከኩባንያው የተረፈው ከጌሞቹ ይበልጣል። ባልደረባው ሳም ላንቲንጋ የጻፈው ኤስዲኤል፣ ጌምን ከስክሪን፣ ከድምፅና ከጆይስቲክ ጋር የሚያገናኝ ክፍት ኮድ፣ እስከ ዛሬ በሺዎች በሚቆጠሩ ጌሞች ውስጥ አለ።

ከ2002 በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የሊኑክስ ተጫዋች መከራ ዘመን ነበሩ። የሌላው ካርድ አምራች የኤቲአይ ዝግ ድራይቨር ፍግልአርኤክስ አዲስ ከርነል በወጣ ቁጥር ይሰበር ነበር። የዊንዶውስ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ዋይን በ1993 ተጀምሮ ሥሪት 1.0 የተባለው በ2008 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። ኤንቪዲያ ሰነድ ስላልሰጠ፣ ዝግ ድራይቨሩ ካርዱን ምን ብሎ እንደሚያዝዘው እየሰለሉ የራሳቸውን የጻፉ ሰዎች ኑቮ የተባለውን ድራይቨር ሠሩ፤ በ2010 ከከርነል 2.6.33 ጋር ተቀላቀለ። የዚያን ሥራ ድካም ከልቤ አከብራለሁ። ካርዱ ሲነሣ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ስለሚቆይና ኑቮ ከዚያ ከፍ ማድረግ ስለሚቸግረው ግን ጌም ላይ ውጤቱ ደካማ ነበር። ከ2014 መገባደጃ ወዲህ በወጡት ካርዶች ላይ ደግሞ ኤንቪዲያ ፊርማ ያለው ፈርምዌር ማስገደድ ስለጀመረ ፍጥነት መቆጣጠሩ ጭራሽ ተዘጋ።

የለውጡ መነሻ መስከረም 2007 ነው። ከዚያ በቀደመው ዓመት ኤቲአይን የገዛው ኤኤምዲ የቺፖቹን ሰነድ ይፋ እንደሚያደርግና ክፍት ድራይቨርን እንደሚደግፍ አስታወቀ። ኢንቴልም ለሊኑክስ የሚሠራው ድራይቨር ክፍት ነበር። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ይህን ውሳኔ ማንም ያስተዋለው አይመስለኝም፤ ዛሬ ፖሊ አካባቢ አንድ ያረጀ ራዲዮን ካርድ በሊኑክስ ከተጫወተ ግን ምክንያቱ እሱ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ኢትዮጵያም ሊኑክስን በብዛት ያየችበት አጋጣሚ አለ። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ2008 ገደማ 5,000 ያህል አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ሕፃናት አከፋፍሏል። ሹገር የተባለው የሕፃናት ገጽታቸው የተቀመጠው በፌዶራ ሊኑክስ ላይ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ 433 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ የኤኤምዲ ጂዮድ፣ ሜሞሪው 256 ሜጋባይት። ስለ ፕሮጀክቱ ስኬት ብዙ ተከራክረዋል። ልጆቹ ግን ከትምህርቱ ይልቅ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጌሙን መሆኑ በየትም አገር ያው ነው።

ሰኔ 2012 ላይ ቶርቫልድስ ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በካሜራ ፊት ለኤንቪዲያ የመሃል ጣቱን አወጣ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያን ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ በነሐሴው ወር የወጣ አንድ ቁጥር ይበልጥብኛል። ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ፣ ሌፍት 4 ዴድ 2ን በአንድ ማሽን ላይ ሞክሮ በዊንዶውስ 270.6፣ በሊኑክስ ደግሞ 315 ፍሬም በሰከንድ ማግኘቱን አሳወቀ። ሊኑክስ ለጌም አይሆንም የሚለው ወሬ በቁጥር የተነካው ያኔ ነው። ቫልቭ ይህን ያደረገው ለሊኑክስ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 8 የራሱን መደብር ሲከፍት ሥጋት ገብቶት ነበር። በየካቲት 2013 ስቲም ለሊኑክስ ወጣ፤ የባሕር ዳር ልጆችም በሚገባ የሚያውቁት ካውንተር ስትራይክ 1.6 በዚያው ዓመት ያለ ዋይን በሊኑክስ ላይ መሮጥ ጀመረ። በ2015 ለገበያ የቀረቡት ስቲም ማሽኖች ግን አልተሸጡም። ጌም አምራቾች ለሊኑክስ ብለው ጌማቸውን እንደገና የሚሠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

መፍትሔው የመጣው አምራቾቹን መለመን ሲቆም ነው። በየካቲት 2016 ቩልካን ወጣ፤ ከኦፕንጂኤል ይልቅ ወደ ካርዱ የቀረበ፣ ድራይቨሩ በግምት የሚሠራው ነገር የቀነሰበት አዲስ የሥዕል ቋንቋ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ጀርመናዊ ኒየር ኦቶማታ የተባለውን ጌም በሊኑክስ መጫወት ፈለገ። አልሠራለትም። የዊንዶውስን ዳይሬክትኤክስ 11 ትእዛዝ ወደ ቩልካን የሚመልሰውን ዲኤክስቪኬን መጻፍ ጀመረ። ቫልቭ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀጠረው። በነሐሴ 2018 ዋይንና ዲኤክስቪኬ ተጣምረው ፕሮቶን በሚል ስም ከስቲም ጋር መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዊንዶውስ የተሠራ ብዙ ጌም ሊኑክስ ላይ መክፈት አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ። በየካቲት 2022 የወጣው ስቲም ዴክ፣ በእጅ የሚያዘው የጌም ማሽን፣ ሊኑክስ ነው፤ ግራፊክሱም የኤኤምዲ። ለዚያ ማሽን ተብሎ የተጻፈው የግራፊክስ ድራይቨር ማሻሻያ በሜሳ በኩል ወደ ሁሉም ይወርዳል፤ ዴክ አይቶ ለማያውቅ የባሕር ዳር ተማሪም።

ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል። አንድ ተማሪ ያመጣውን ኤችፒ ላፕቶፕ በቅርብ አይቻለሁ፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ በውስጡ ኢንቴል ኤችዲ 4400፣ ተጨማሪ ጂፎርስ ጂቲ 740ኤም ካርድ፣ ሲስተሙ ሊኑክስ ሚንት። ፔስ 2013 ሲከፈት ኳሷ ከተመታች በኋላ እንደ ፎቶ ትቆማለች፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ልጁ ሲስተሙን ደጋግሞ ፎርማት አድርጎ ጭኖታል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን እየሣለ ያለው ማን ነው? ተርሚናል ተከፍቶ ጂኤልኤክስ-ኢንፎ የሚባለው ትእዛዝ ሲጻፍ፣ ሬንደረር በሚለው መስመር ላይ የኢንቴልም የኤንቪዲያም ስም አልነበረም። ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ ይላል። ይህ በሜሳ ውስጥ ያለ፣ ካርድ ሲጠፋ ሥዕሉን በፕሮሰሰር የሚሥል መተኪያ ነው። ላፕቶፑ በ1994 ዱም ይሠራ በነበረበት መንገድ የ2012ን ጌም ሊያጫውት እየታገለ ነበር።

ምክንያቱ አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሚንትን ከፍላሽ ሲጭን ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነበት በኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ገብቷል፤ ያ አማራጭ ከርነሉ ሲነሣ በሚያነበው መስመር ላይ ኖ-ሞድሴት የሚል ትእዛዝ ይጨምራል፤ ትርጉሙም የግራፊክስ ድራይቨሮችን አታስነሣ ነው። ለመጫን ቀን የተሰጠችው ትእዛዝ ተረስታ ግሩብ በሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ቀረች። ቃሏ ከግሩብ ፋይል ተሰርዛ፣ ግሩብ ታድሶ፣ ማሽኑ ሲነሣ ሬንደረሩ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 4400 አለ። ኳሷ ሮጠች። አዲስ ነገር አልተገዛም፣ ምንም አልወረደም።

የሁለተኛው ካርድ ነገር ግን እንዲህ አልቀለለም። ጂቲ 740ኤም ኬፕለር ከሚባለው የኤንቪዲያ ትውልድ ነው፤ ለኬፕለር የመጨረሻው ዝግ ድራይቨር 470 የሚባለው ነው፣ ድጋፉም በ2024 አብቅቷል። ከዚያ በፊት የነበረው ፈርሚ በ390 ላይ ቆሟል። ማክስዌልና ፓስካል ደግሞ በ580 ላይ ተሰናብተዋል። ሊኑክስ ሲታደስ አዲስ ከርነል ይመጣል፤ ዝግ ድራይቨሩ ዲኬኤምኤስ በሚባለው ዘዴ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ የቆመው ድራይቨር አዲሱን ከርነል ስለማያውቀው ግንባታው ይከሽፋል። በማግሥቱ ጠዋት ተጠቃሚው የሚያየው ጥቁር ስክሪን ወይም የሚንቀረፈፍ ጌም ነው። መውጫው በግሩብ የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባትና እዚያው ላይ መቆየት ነው። ኤንቪዲያ በግንቦት 2022 የከርነል ክፍሉን ኮድ መክፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፈተው ግን ከ2018ቱ ቱሪንግ ወዲህ ላሉ ካርዶች ብቻ። ባሕር ዳር ያሉት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ድራይቨሩ ተገኝቶም ሌላ ገደብ አለ። ከኅዳር 2022 ወዲህ ያለው ዲኤክስቪኬ 2.0 ቩልካን 1.3 ይጠይቃል፤ 470 እዚያ አይደርስም፣ የአራተኛው ትውልድ ኢንቴልም አይደርስም። አዲስ ፕሮቶን ጭኖ ጌሙ ከፍቶ የሚዘጋበት ሰው ካርዱ የሞተ ይመስለዋል። ለኬፕለር ዲኤክስቪኬ 1.10.3ን መመለስ፣ ለኢንቴሉ ደግሞ ዋይን በኦፕንጂኤል እንዲሥል ማድረግ ያጫውታል። በዚህ ጉዳይ የቅርቡ ሁሉ አይሻልም፤ ለአሮጌ ካርድ ትክክለኛው ሥሪት ካርዱ የሚችለው ነው።

የኢንተርኔት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ማለት ከኩባንያው የሚወርድ ፋይል ነው። በሊኑክስ ላይ ግን የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከከርነሉና ከሜሳ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሲስተሙን የያዘው ፍላሽ ድራይቨሩንም ይዟል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከጥቅምት 2019 ጀምሮ የኤንቪዲያንም ከመጫኛው ጋር ያስገባል። የቀረውን፣ ዋይንንም ጨምሮ፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ ኤፒቲ-ጌት የሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ ያወረዳቸውን ፋይሎች ቫር ውስጥ ባለው ካሽ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ ተመሳሳይ ሥሪት ያለው ማሽን ላይ መጫን ይቻላል። መስመር ባለበት ጊዜም ቢሆን ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ስቲም በየጌሙ የሚያወርደው የሼደር (በካርዱ ላይ የሚሮጡ የሥዕል ፕሮግራሞች) ፋይል ብዙ ሜጋባይት ይበላል። ከሴቲንግ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሲጠፋ ጌሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቆራረጣል፤ ድራይቨሩ ሼደሮቹን እዚያው እየገነባ ስለሆነ ነው፣ ከዚያ ይለሰልሳል።

በድራይቨሩ ላይ የሚላከከው ችግር ሁሉ የድራይቨሩ አይደለም፤ ይህን ጣና ዳር ላይ አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ሲነጻጸር ስድስተኛው እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያነሣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲጨምር፣ የላፕቶፑ መተንፈሻ በአቧራ ተዘግቶ ከሆነ፣ ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ ሲጀምር ጥሩ ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደዚህ መሄድ አለበት። ማንጎሀድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍሬሙን፣ ሙቀቱንና የቺፑን ፍጥነት ጌሙ ላይ ደርቦ ያሳያል፤ ሙቀት ሲወጣ ፍጥነት ሲወርድ በዐይን ይታያል። ፈውሱ ማሽኑን ከፍቶ ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ቅባት መቀየር ነው።

ቻርጀርም አለ። ዴል ላፕቶፕ ኦሪጅናል ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካበት ማንነቱን መለየት ካልቻለ ፕሮሰሰሩን እጅግ ዝቅ ባለ ፍጥነት ያስረዋል፤ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ለውጥ የለውም። ሜሞሪም እንዲሁ። የራሱ ሜሞሪ የሌለው የኢንቴል ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ራም ይጋራል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ራም ብቻ ተሰክቶበት ይሸጣል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ራም ሲጨመር መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ድራይቨሩ ከሠራ በኋላ ከብዙ የሶፍትዌር ማስተካከያ ይልቅ ፍሬሙን የሚያነሣው ይህ ነው። መብራቱስ? ጣና የአባይን ውሃ ለጢስ አባይ ጣቢያ መስጠት የጀመረው በ1964 ነው፤ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት ያለው ጣና በለስ ተጨመረ፤ ሐይቁ ዳር ግን መብራት አሁንም ይሄዳል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከርነል እያደሰ ባለበት መብራት ከሄደ ሥራው ተጋምሶ ይቀራል፣ ቀጥሎ ሲነሣ ግራፊክስ የለም። በሪከቨሪ ሞድ ገብቶ የተጋመሰውን ጭነት በዲፒኬጂ ማስጨረስ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ሚንት ላይ ያለው ታይምሺፍት ከዕድሳቱ በፊት የሲስተሙን ቅጂ ይዞ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አንድ የተዘጋ በር አለ፤ በየትኛውም ድራይቨር አይከፈትም። የፊፋ አምራቹ ኢኤ ከ2022ቱ ፊፋ 23 ጀምሮ የአጭበርባሪ መከላከያ ፕሮግራም ወደ ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ አስገብቷል፤ ተከታዩ ኤፍሲም ያው ነው። በፕሮቶን ላይ ያ ከርነል ስለሌለ ጌሙ አይነሣም። ቫሎራንትም እንደዚያው። ኤፔክስ ሌጀንድስ ለሊኑክስ ተከፍቶ ቆይቶ በ2024 መገባደጃ ተመልሶ ተዘጋ። ኳስ ለሚወድ ከተማ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ውሳኔው የተወሰነው ሊኑክስ ስለማይችል ሳይሆን አምራቾቹ ስላልፈቀዱ መሆኑ ደግሞ ያስቆጫል። የድሮዎቹ ፔስና ፊፋዎች ግን ይከፈታሉ፤ ባሕር ዳርም የምትወዳቸው እነሱኑ ነው።

ወደ ካርዶቹ እንመለስና፣ የኤንቪዲያው ኬፕለር በወጣበት በ2012 የኤኤምዲ የመጀመሪያው ጂሲኤን ትውልድ ካርድም ወጥቶ ነበር፤ ራዲዮን ኤችዲ 7970። የእሱ ታናናሾች፣ ለምሳሌ አር7 240፣ ከውጭ ቢሮዎች በወጡ ዴስክቶፖች ውስጥ ይገኛሉ። ኤኤምዲ ለእነዚህ ካርዶች የዊንዶውስ ድራይቨር ማውጣት በ2021 አቁሟል። በሊኑክስ ላይ ግን በ2025 መገባደጃ ለቫልቭ የሚሠራው ቲሙር ክሪሽቶፍ ያን አሮጌ ትውልድ ራዲዮን ከሚባለው የድሮ ድራይቨር አውጥቶ ኤኤምዲጂፒዩ ወደሚባለው ዘመናዊ ድራይቨር የሚያሻግረውን ሥራ ፈጸመ፤ ከከርነል 6.19 ጀምሮ ይህ በራሱ ይሆናል። ኩባንያው ራሱ የተወውን የአሥራ ሦስት ዓመት ካርድ ሊያስተካክለው የቻለው ኮዱ ክፍት ስለነበር ነው። ከርነሉ እዚያ ያልደረሰ ማሽን ላይ ደግሞ ግሩብ ውስጥ ሁለት ትእዛዝ ይጨመራል፤ አንዱ አሮጌውን ድራይቨር ካርዱን ልቀቀው፣ ሁለተኛው አዲሱን ያዘው ይላል። ማሽኑ ሲነሣ በሜሳ ያለው ራድቪ የተባለው የቩልካን ድራይቨር ለካርዱ ቩልካን 1.3 ይሰጠዋል፤ በጂቲ 740ኤም ላይ እንቢ ያለው ዲኤክስቪኬ 2.0 እዚህ ላይ ይሠራል።